የአንጀት ካንሰር በወጣትነት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በ31 ዓመቴ የአንጀት ካንሰር ተገኝቶብኝ እዚሁ አዲስ አበባ ታክሜአለሁ፤ ከዚህ በታች ያሉት ቀጠሮ ስንጠብቅ አግዳሚ ወንበር ላይም ሆነ በስልክ ወጣቶችና ቤተሰቦቻቸው እየደጋገሙ የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች ናቸው።

የአንጀት ካንሰር ምንድን ነው?

የአንጀት ካንሰር ሲባል በአብዛኛው በትልቁ አንጀት፣ ወይም ሬክተም በሚባለውና ከፊንጢጣ በላይ ባለው የአንጀት መጨረሻ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚነሣ ካንሰር ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፖሊፕ ከተባለ ትንሽ እባጭ ሲሆን፣ እባጩ ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አሥር ዓመት ያህል ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሕመም ላይኖረው ስለሚችል ሰው ሳያውቀው ይዞት ይኖራል፤ በምርመራ ከተገኘ ግን በዚያው በምርመራው ሰዓት ተቆርጦ ይወጣና በእንጭጩ ይቀጫል።

ይህ የአረጋውያን በሽታ አይደለም ወይ?

በዕድሜ የገፉ ሰዎችን በብዛት መያዙ እውነት ነው። ሆኖም ከ50 ዓመት በታች በሆኑ ሰዎች ላይ የሚታየው ቁጥር በበርካታ አገሮች ላለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ እየጨመረ መጥቷል፤ አሜሪካ ውስጥ ምንም ስሜት የሌለው ጤነኛ ሰው ቅድመ ምርመራ የሚጀምርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል የተመከረውም በዚህ ምክንያት ነው። ታዋቂው ተዋናይ ቻድዊክ ቦስማን እ.ኤ.አ. በ2016 ሕመሙ ተገኝቶበት በ2020 ሲያርፍ ገና የ43 ዓመት ሰው ነበር። የእኛ አገር ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው ወጣት ስለሆነ፣ በካንሰር ክፍሎች ወንበር ላይ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ታማሚዎችን ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

መንስኤውን በተመለከተ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ አልኮል፣ አብዛኛውን ቀን ተቀምጦ መዋልና እንደ ሶሴጅና ሞርታዴላ ያለ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋ ማዘውተር አደጋውን እንደሚጨምሩ ይታወቃል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፋብሪካ የተዘጋጀ ሥጋን ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ነገር ግን ከእነዚህ አንዱንም ሳይነካ የሚታመም ወጣት ብዙ ነው። «ምን አጥፍቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛችንም አፍ አይጠፋም፤ ለታመመ ሰው ግን የሚጨምርለት ነገር የለምና ጉልበቱን ለሕክምናው ቢያውለው ይሻለዋል።

ሰገራዬ ላይ ደም አያለሁ፤ ኪንታሮት ይሁን ካንሰር በምን ልለይ?

በዓይን አይቶም ሆነ በግምት መለየት አይቻልም፤ ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው ቢኖር ይህን ይያዝልኝ። ኪንታሮት ከካንሰር ይልቅ እጅግ የተለመደ ነውና ደም ያየ ወጣት ሁሉ ካንሰር አለበት ማለት አይደለም። አደጋው ያለው «ኪንታሮት ነው» የሚለው ቃል በምርመራ ቦታ ሲገባ ነው። በየግንቡና በየመብራት ምሰሶው ላይ «ኪንታሮት ያለ ኦፕራሲዮን እናድናለን» የሚል ማስታወቂያ በተለጠፈበት ከተማ ውስጥ፣ የሚያፍር ሰው ወደ ሐኪም ከመሄድ ይልቅ እዚያ ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ መደወል ይቀለዋል።

እኔ በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ሕክምና ሄጄ፣ ሦስቱንም ጊዜ ሱሪዬን እንኳ ሳላወልቅ ቅባትና የሚዋጥ ክኒን ታዝዞልኝ ወጥቻለሁ። አራተኛዋ ሐኪም ጓንት አጥልቃ በጣቷ ስትመረምረኝ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም፤ ጓንቱን ካወለቀች በኋላ ወዲያው አልተናገረችም፤ ወንበሯን ወደ እኔ ስባ ተቀመጠች። ዕጢው ጣት የሚደርስበት ቦታ ላይ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የቀደሙት ሐኪሞች እንመርምርህ ቢሉኝ እሺ እል ነበር ብዬ ለመማል አልደፍርም፤ ማፈር የእኔም ድርሻ ነበረው።

ስለዚህ ደም ደጋግሞ ከታየ፣ የሰገራ ጠባይ ከተለወጠና ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ከመጸዳጃ ከተነሡ በኋላ ገና ያልጨረሱ ከመሰለ፣ ሰገራ ከቀጠነ፣ የሆድ ቁርጠት አልለቅ ካለ ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት ከከሳ፣ «በጣት መርምሩኝ፤ ካስፈለገም ለኮሎኖስኮፒ (አንጀትን በካሜራ ለሚያየው ምርመራ) ጻፉልኝ» ብሎ በግልጽ መጠየቅ የታማሚው መብት ነው። ደም ማነስም ሊናቅ አይገባም፤ በተለይ የወር አበባ በማያይ ወንድ ላይ በብረት እጥረት የመጣ ደም ማነስ ከተገኘ፣ ደሙ የት እየፈሰሰ እንደሆነ ሳይፈለግ የብረት ክኒን ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ትክክል አይደለም።

የሰገራ ምርመራ አድርጌ «አሜባ ነው» ተብያለሁ፤ ከዚህ በላይ መሄድ ያስፈልገኛል?

አሜባም ሆነ ጃርዲያ በእኛ አገር በእርግጥ የሚገኙ፣ በመድኃኒትም የሚድኑ ሕመሞች ናቸው። የታዘዘው መድኃኒት ተጠናቆ ተወስዶ ምልክቱ ካልጠፋ፣ ወይም ጠፍቶ በወሩ ከተመለሰ፣ ያንኑ መድኃኒት ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ከመዋጥ ይልቅ ወደ ውስጥ ደዌ ወይም ወደ ጨጓራና አንጀት ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ የሆድ ድርቀቱንም ደሙንም በእርግዝናው እያሳበቡ እስከሚወልዱ ስለሚታገሡ፣ ለእነርሱ ይህ ምክር በእጥፍ ይሠራል።

ኮሎኖስኮፒ ያማል? ምንስ ዝግጅት አለው?

ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቀጭንና ተጣጣፊ ቱቦ በፊንጢጣ በኩል ገብቶ ትልቁን አንጀት የሚያይበት ምርመራ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ስለሚሰጥ ከሕመም ይልቅ የመወጠር ስሜት ያመዝናል፤ ምርመራው ራሱ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። አድካሚው የዋዜማው ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ቀጭን ፈሳሽ ብቻ ይወሰዳል፣ አንጀት የሚያጥበው መድኃኒትም ከብዙ ውኃ ጋር ይጠጣና ወደ መጸዳጃ መመላለስ ይከተላል። በሰፈሩ ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ አስቀድሞ በባልዲ መሙላት ያስፈልጋል። በምርመራው ቀን በማደንዘዣው ምክንያት ሰውነት ስለሚፈዝ መኪና መንዳት አይቻልም፤ የሚያጅብ ሰው ይዞ መሄድ ግድ ነው።

ሐኪሙ ዕጢ ካየ ትንሽ ናሙና ቆርጦ ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ናሙና በአጉሊ መነጽር ወደሚመረመርበት ክፍል ይልካል። ካንሰር ነው ወይም አይደለም የሚለው ቃል የሚመጣው ከዚያ ውጤት ነው።

«ደረጃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ካንሰሩ ከተነሣበት ቦታ ምን ያህል እንደራቀ የሚገልጽ መለኪያ ነው። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ በአንጀቱ ግድግዳና በዙሪያው የተወሰነውን፣ ሦስተኛ ደረጃ በአቅራቢያው ወዳሉ የሊምፍ ዕጢዎች (ሰውነት በሽታ ለመከላከል የሚጠቀምባቸው ትንንሽ እንክብሎች) የደረሰውን፣ አራተኛ ደረጃ ደግሞ እንደ ጉበትና ሳንባ ወዳሉ ሩቅ አካላት የተሠራጨውን ያመለክታል። ደረጃው የሚታወቀው በሲቲ ስካን፣ ለሬክተም ደግሞ በኤምአርአይ ሲሆን፣ የሚረጋገጠው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ከተመረመረ በኋላ ነው። ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ ለክትትል ይጠቅማል እንጂ ብቻውን ካንሰር መኖሩንም ሆነ አለመኖሩን አይናገርም።

በአሜሪካ መረጃ መሠረት ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተገኘባቸው ሰዎች መካከል ከመቶው 90 ያህሉ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ፤ ወደ ሩቅ አካል ከተሠራጨ በኋላ ከተገኘ ግን ከመቶው ወደ 15 ይወርዳል። እነዚህ የብዙ ሰው ድምር ቁጥሮች ስለሆኑ ስለ አንድ ሰው ዕጣ አይናገሩም፤ ቀድሞ መምጣት ምን ያህል ልዩነት እንዳለው ግን በግልጽ ያሳያሉ።

ሕክምናው ምን ምን ያካትታል? የትስ ይገኛል?

መሠረቱ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የታመመው የአንጀት ክፍል ከአካባቢው የሊምፍ ዕጢዎች ጋር ይወጣና ጤነኛው ክፍል ይጋጠማል። በሦስተኛ ደረጃ ላይ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚቆይ ኬሞቴራፒ (ኬሞ፤ የካንሰር ሴሎችን የሚገድል መድኃኒት) ይጨመራል። ዕጢው ሬክተም ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጨረርና ኬሞ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይቀድማሉ።

በመሀል ከተማ ያለነው ታማሚዎች በአብዛኛው የምንገናኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም የካንሰር ሕክምና ይሰጣል፤ ቀዶ ሕክምናና ኬሞ የሚሰጡ የግል ሆስፒታሎችም አሉ። የጨረር ሕክምና ወረፋው ረጅም ሊሆን ስለሚችል፣ በጅማ የተጀመረውን ጨምሮ ሌላ አማራጭ ካለ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው። ወረቀትን በተመለከተ አንድ ምክር አለኝ፤ የፓቶሎጂውን ውጤት፣ የሲቲ ስካኑን ሲዲ፣ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያና የኬሞ መዝገቡን በአንድ ፋይል ይዞ፣ የእያንዳንዱን ኮፒ ቤት ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የጠፋ ካርድ ተፈልጎ እስኪገኝ የሚባክነው ቀን የታማሚው ቀን ነው።

ኬሞ ላይ ሳለሁ ምን ይሰማኛል? መቼ ነው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ያለብኝ?

በዚህ ካንሰር ላይ በብዛት የሚሰጡት መድኃኒቶች ፍሎሮዩራሲል፣ በክኒን መልክ የሚዋጠው ካፔሲታቢንና ኦክሳሊፕላቲን ናቸው። ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ድካምና የአፍ ቁስል የተለመዱ ናቸው፤ ካፔሲታቢን መዳፍና የእግር ሥርን ሊያቀላና ሊልጥ ይችላል። በእነዚህ መድኃኒቶች ፀጉር ሊሳሳ ይችላል እንጂ ሙሉ በሙሉ የሚረግፍበት ሰው ብዙ አይደለም።

ኦክሳሊፕላቲን የራሱ ጠባይ አለው፤ ቅዝቃዜን ጠላት ያደርጋል። መድኃኒቱን በወሰድኩ በማግስቱ ከፒያሳ ወደ ሜክሲኮ የምሄድበትን ታክሲ በር በባዶ እጄ ስይዝ ብረቱ እንደ መርፌ ይወጋኝ ነበር፤ ቀዝቃዛ ውኃ የተጎነጨሁ ቀን ደግሞ ጉሮሮዬ የተዘጋ መስሎኝ ደንግጬአለሁ። ስለዚህ ከኬሞ በኋላ ባሉት ቀናት ጓንትና ሻርፕ መልበስ፣ ለብ ያለ ውኃ መጠጣት፣ ለመታጠብም ውኃ ማሞቅ ይጠቅማል። ድንዛዜው በየዙሩ መካከል ካልለቀቀ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ካስቸገረ ወይም ጫማ ከእግር ሲወልቅ ካልታወቀ፣ ለሐኪሙ ሳይደብቁ መናገር ያስፈልጋል፤ መጠኑ ካልተቀነሰ ጉዳቱ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እኔ «ኬሞውን ያቋርጡብኛል» ብዬ ሁለት ዙር ደብቄአለሁ፤ የጣቶቼ ጫፍ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ሙቀት መለኪያ ከቤት መጥፋት የለበትም። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንጂ ፓራሲታሞል ውጦ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም፤ ነጭ የደም ሴል በወረደበት ሰዓት ትንሽ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ነፍስ ላይ ይደርሳል። የማይቆም ተቅማጥና ትውከትም እንዲሁ ነው። ጠያቂ መምጣቱ መልካም ባህላችን ነው፤ ሆኖም ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ቢጠይቅ፣ የመጣውም ጉንጭ ለጉንጭ ከመሳም ይልቅ እጁን ታጥቦ በሩቁ ቢቀመጥ ታማሚውን ይጠቅመዋል። ይህን ለእንግዳው መናገር ያለበት አስታማሚው ነው፤ ታማሚው ሊከብደው ይችላል።

ምን ልብላ? ልጹምስ?

ካንሰርን የሚያጠፋ ምግብ የለም፤ ሕክምናውን የሚያስችል ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ግን አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉት ሳምንታት አጥሚት፣ ሾርባ፣ እርጎ፣ እንቁላል፣ በደንብ የተቀቀለ ድንችና ሩዝ ትንሽ ትንሽ እየተደረገ ቶሎ ቶሎ ቢበላ አንጀት ይቀበለዋል። በርበሬና ሚጥሚጣ፣ በተለይ ሬክተም ለተነካ ሰው፣ በመውጫው ሰዓት ያቃጥላሉና አልጫ ይመረጣል። ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎና ያልፈላ ወተት በኬሞ ወቅት ፈጽሞ አይበሉም፤ ክትፎ ለማይተው ሰው በደንብ የበሰለው አለለት። ሕክምናው ካለቀ በኋላ የጤፍ እንጀራው፣ ምስሩና ጎመኑ ቀስ በቀስ ይመለሳሉ፤ ቀይ ሥጋን ማብዛት፣ አልኮልና ሲጋራ ግን ባይመለሱ ነው የሚሻለው።

ጾምን በተመለከተ ወጣቶች ከሚገመተው በላይ ይጨነቃሉ። በኦርቶዶክስ እምነት የታመመ ሰው ነፍስ አባቱን አማክሮ ከጾም ማረፍ እንደሚችል፣ በእስልምናም ሕመምተኛ ከረመዳን ጾም እንደሚታለፍ የታወቀ ነው። በኬሞ ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየት ኩላሊትን ይጎዳል፤ የጾም ምግብ ብቻ ሲበላ ደግሞ ፕሮቲኑ ያንሳል። የእኔ ነፍስ አባት ሐኪሙ ምን እንዳለ አስቀድመው ጠይቀውኝ፣ «እንግዲያው መድኃኒትህን ውሰድ፣ ብላም፤ ጸሎቱን አትተው» ነበር ያሉኝ።

ጸበልና የባህል መድኃኒት ከሕክምናው ጋር መውሰድ እችላለሁ?

ጸበል የእምነት ጉዳይ ነው፤ እንጦጦ ወጥቶ የሚጸበል ታማሚ ኬሞውን ማቋረጥ አይጠበቅበትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ብዙ ሊትር ጠጥቶ ማስመለስና ማስቀመጥ ላይ ነው፤ በኬሞ የደከመ ሰው በቀላሉ ውኃና ጨው ያልቅበታል። የተከፈተ ቁስል ወይም መድኃኒት የሚገባበት ቱቦ በቆዳው ላይ ያለው ሰውም ከመጠመቁ በፊት ሐኪሙን ቢያማክር ይሻላል። መድኃኒቱን ለሱባኤ ብለው ያቋረጡና ከወራት በኋላ የተመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እምነታቸውን አልነቅፍም፤ ያመለጣቸው ጊዜ ግን ያሳዝነኛል።

ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በምግብ ልክ ችግር የላቸውም። በብዛት ተቀምሞ፣ ምንነቱ ሳይነገር በጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት ግን ጉበትን ሊጎዳ ወይም ከኬሞው ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ጠርሙሱን ይዞ ሄዶ ለሐኪሙ ማሳየት ይገባል።

ሆዴ ላይ ከረጢት ሊደረግልኝ ነው፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሰው መኖር እችላለሁ?

ይቻላል። እኔ ለአሥራ አንድ ወር ከረጢት ይዤ ቢሮ ገብቻለሁ፣ ሰርግ በልቻለሁ፣ በታክሲም ተጋፍቻለሁ። የአንጀቱ ጫፍ በሆድ ግድግዳ በኩል ወጥቶ ሰገራ በከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከትልቁ አንጀት ከሆነ ኮሎስቶሚ፣ ከትንሹ አንጀት ከሆነ ኢሊዮስቶሚ ይባላል። ለአንዳንዱ የተጋጠመው አንጀት እስኪድን የሚቆይ ጊዜያዊ ሲሆን በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ዕጢው ከፊንጢጣ ጡንቻ ጋር ለተያያዘበት ሰው ግን ቋሚ ይሆናል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የትኛው እንደሚሆን፣ በሆድ ላይ የሚወጣበት ቦታም ከቀበቶው መሥመርና ከሆድ እጥፋት እንዲርቅ ሆኖ ምልክት እንዲደረግበት መጠየቅ ጥሩ ነው።

የወጣው የአንጀት ጫፍ ቀይና እርጥብ ነው፤ ሲነካ አያምም። ከረጢቱ ከሲሶ እስከ ግማሽ ሲሞላ መፍሰስ አለበት፤ እስኪሞላ ከተጠበቀ ክብደቱ ከቆዳ ያላቅቀዋል። የሚለወጠው በየሦስት ቀኑ ገደማ ሲሆን፣ የሚመቸው ሰዓት ጠዋት ቁርስ ሳይበላ ነው። ቆዳው በውኃ ብቻ ታጥቦ በደንብ ይደርቃል፤ ቫዝሊንም ሆነ ሎሽን አይቀባም፤ ከተቀባ አይጣበቅም። የሚለጠፈው ክፍል ቀዳዳ ከአንጀቱ ጫፍ በሁለት ወይም በሦስት ሚሊ ሜትር ብቻ ሰፍቶ ይቆረጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ስምንት ሳምንታት አንጀቱ እያነሰ ስለሚሄድ ደጋግሞ መለካት ያስፈልጋል። ያስተማረችኝ ነርስ የመጀመሪያውን ራሷ አልቆረጠችልኝም፤ መቀሱን እጄ ላይ አድርጋ፣ እየተንቀጠቀጥኩ እስክጨርስ ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ጫፉ ወደ ጥቁር ወይም ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ከተለወጠ፣ ወይም ቁርጠትና ትውከት ኖሮ ምንም ካልወጣ፣ ያ ድንገተኛ ሕክምና ነው።

በእኛ ከተማ ትልቁ ፈተና ውኃ ነው። ቢሮአችን ባለበት ሕንፃ ውኃ የሚጠፋበት ቀን ስለሚበዛ ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ፣ ሶፍት፣ ጥቁር ፌስታልና ተለዋጭ ከረጢት ነበር። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሳለሁ ከጎኑ ላቀቀ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሃይላንዷ ታጥቤ፣ ለውጬ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ የጠየቀኝ ሻይ ልዘዝልህ ወይ ብሎ ብቻ ነበር። ከረጢቱ ሁልጊዜ ስለማይገኝ ከቀይ መስቀልና ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ጀምሮ ጠይቆ የአንድ ወር መጠባበቂያ መያዝ፣ የተመለሰለት ታማሚ ተርፎት እንደሆነም ነርሶቹን መጠየቅ ይጠቅማል። ሃያ ሊትር ጀሪካን ማንሣት ቢያንስ ለሁለት ወር አይፈቀድም፤ ጡንቻው ሳይጸና ክብደት ከተነሣ በዙሪያው አንጀት ይገፋል። ሽሮ፣ ባቄላና ጎመን ነፋ ያደርጋሉ፤ መተው ሳይሆን ሰው በሚበዛበት ቀን መቀነስ ነው። ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው ውኃና ጨው ቶሎ ስለሚያጣ ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ከቤቱ አይለየው።

ሥራዬንና ወጪዬን እንዴት አደርጋለሁ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ የግል ድርጅት ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ ነው። ኬሞ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ስለሚሰጥ ፈቃዱን በአንድ ጊዜ ከመጨረስ ይልቅ ከአሠሪ ጋር ተነጋግሮ ለኬሞ ሳምንታት ብቻ መከፋፈል ብዙ ሰው ጠቅሟል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ ስለሆነ የሰው ኃይል ክፍሉን መጠየቅ አለባቸው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በሪፈር ወረቀት መሄድ አለበት፤ ወረቀቱን ዘሎ በቀጥታ የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። መድኃኒት ከሆስፒታሉ ጠፍቶ በውጭ ሲገዛ ደረሰኙን መያዝ ይገባል። ከክልል ለሚመጡና ማረፊያ ለሌላቸው ታማሚዎች የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን መጠየቅ ይቻላል።

ትዳርና ልጅ መውለድስ?

ይህ ጥያቄ መነሣት ያለበት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ነው፤ ሐኪሙ ካላነሣው ታማሚው ያንሣው። በዳሌ ላይ የሚሰጥ ጨረር የሴትን የዘር እንቁላልና ማሕፀን፣ የወንድንም የዘር ፍሬ ሊጎዳ ይችላል፤ ኬሞውም እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ጉዳቱ ይለያያል። ከጨረሩ በፊት የወንድ ዘር በቅዝቃዜ ማስቀመጥ፣ ለሴት ደግሞ እንቁላል ማስቀመጥ ወይም እንቁላል አመንጪዎቹን ከጨረሩ መንገድ በቀዶ ሕክምና ማዛወር በሕክምናው ዓለም ያሉ አማራጮች ናቸው። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከልና አንዳንድ የግል ተቋማት ከእነዚህ የትኛውን እንደሚሰጡ መጠየቅ ያዋጣል። በሕክምናው ወቅትና ከዚያ በኋላ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ እርግዝናን መከላከል ግድ ነው።

የሬክተም ቀዶ ሕክምናና ጨረር የግብረ ሥጋ ስሜትንና ብቃትን ሊነኩ ይችላሉ፤ ለዚህም መድኃኒትና እገዛ ስላለ ዝም ማለት አያስፈልግም። ለእጮኛ መቼ ይነገር ለሚለው፣ ከሽምግልናው በፊት ቢሆን እላለሁ። ሰውየው ወይም ሴቲቱ የመምረጥ መብት አላቸው፤ የተነገራቸው ብዙዎቹ ደግሞ አብረው ይቆያሉ።

ቤተሰቤ ሕመሙን ሊደብቁኝ ይሞክራሉ፤ ወይም እኔ ለእናቴ መናገር አቃተኝ። ምን ይሻላል?

በአገራችን ክፉ ወሬ ቀስ ተብሎ፣ በዘመድ በኩል የሚነገር ነውና ውጤቱ ለታላቅ ወንድም ተነግሮ ታማሚው «ትንሽ ቁስል ናት» ተብሎ የሚታከምበት ጊዜ ብዙ ነው። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ይሁንና ስለ ራሱ አካል የሚወስነው አዋቂው ታማሚ ነው፤ ሕመሙን ያላወቀ ሰው ደግሞ ኬሞ ሲከብደው ያቋርጣል። ታማሚው ሐኪሙን «ውጤቴን ለእኔ ንገሩኝ» ብሎ በመጀመሪያው ቀን ቢያስታውቅ ብዙ ነገር ይቃናል።

ለእናት ሲነገር ስሙን ከነሕክምናው አብሮ መናገር ይረዳል። እኔ ካንሰር የሚለውን ቃል ብቻ ተናግሬ ዝም ስላልኩ እናቴ የሰማችው መርዶ ነበር፤ «በሚቀጥለው ወር ኦፕራሲዮን አለኝ፣ ከዚያ ስድስት ወር መድኃኒት እወስዳለሁ» ያልኳት ማታ ላይ ነው። በማግስቱ ጠዋት የአጥሚት እህል ስታስፈጭ አገኘኋት።

እኅት ወንድሞቼ መመርመር አለባቸው?

አዎ። በወጣትነት ከታመሙት መካከል አብዛኞቹ በቤተሰብ የመጣ ነገር የላቸውም፤ ከአምስት ወይም ከስድስት ሰዎች በአንዱ ላይ ግን የሚወረስ የዘረ መል ለውጥ ይገኛል። ዋናው ሊንች ሲንድሮም የሚባለው ነው፤ ያለበት ሰው ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፤ የማሕፀን ካንሰርንም ያመጣል። ኤፍኤፒ የሚባለው ደግሞ ከጉርምስና ጀምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ፖሊፖችን ያበቅላል።

የዘረ መል ምርመራው ባይደረግ እንኳ፣ ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች በ40 ዓመታቸው ወይም ታማሚው ከታመመበት ዕድሜ አሥር ዓመት ቀድመው፣ ከሁለቱ በሚቀድመው ኮሎኖስኮፒ እንዲጀምሩ ይመከራል። እኔ በ31 ዓመቴ ስለታመምኩ ለታናሽ እኅቴ የደረሰባት በ21 ነበር። ተመረመረች፤ ሁለት ፖሊፖች ወጡላት።

ሕክምናው አልቋል፤ ቢመለስስ?

የሚመለስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ለዚህ ነው ክትትሉ መጀመሪያ ላይ ጠበቅ የሚለው። የሲኢኤ የደም ምርመራ በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ሲቲ ስካን በየዓመቱ ገደማ፣ ኮሎኖስኮፒ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው አንድ ዓመት በኋላ ይደረጋል፤ ይህ እስከ አምስተኛው ዓመት ይቀጥላል። ውጤት ከመምጣቱ በፊት ባለው ሳምንት እንቅልፍ ማጣት በሁላችንም ላይ አለ፤ እኔ ያን ሳምንት ቀጠሮ አልይዝበትም፤ ከእራት በኋላም ከወንድሜ ጋር ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግር እሄዳለሁ። ሐዘኑና ፍርሃቱ ከሳምንታት አልፎ ሥራና ምግብ ከከለከለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ማየት የሕክምናው አካል ነው።

አራተኛ ደረጃ ነው ተብያለሁ፤ ሕክምና ማድረግ ዋጋ አለው?

አለው፤ ዓላማው ምን እንደሆነ ግን ከሐኪሙ ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ የሄደው ጥቂት ከሆነ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ የሚድኑ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ «ይቆረጣል ወይ?» ብሎ የጉበት ቀዶ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ ተገቢ ነው። ለሌሎች ኬሞው ዕድሜን ያስረዝማል፣ ስሜቱንም ያስታግሣል። ጥቅሙ ከጉዳቱ ካነሰ ማቆምም የታማሚው ውሳኔ ነው፤ ቤተሰብ ቤት ሸጦ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ሲነሣ በተለይ፣ እዚያ የሚገኘው ሕክምና እዚህ ካለው ምን እንደሚለይ በጽሑፍ ጠይቆ መወሰን ይሻላል።

ሕመምን መታገሥ ግዴታ አይደለም። ሞርፊን ሱስ ያስይዛል ወይም መጨረሻው ደርሷል ማለት ነው የሚለው ፍርሃት ብዙ ሰዎችን በከንቱ አሠቃይቷል፤ ለካንሰር ሕመም በሐኪም ትእዛዝ በተለካ መጠን ሲወሰድ ሰው እንዲተኛ፣ እንዲበላ፣ ከቤተሰቡ ጋር እንዲጫወት ያደርገዋል። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል። የሕመም ማስታገሻ እንክብካቤ ኬሞ ከመቆሙ በፊትም መጀመር ይችላል፤ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ቤት ድረስ ሄዶ የሚረዳ ስለሆነ፣ ታማሚው ከአልጋ ሳይውል፣ ሰዎቹን ለመለማመድ ጊዜ እያለው ቢደወልላቸው ጥሩ ነው።